ለንግድዎ ድረ ገጽ ሲከፍቱ፦ ስሙን ከመሥሪያው ነጥለው ይያዙ

ለአነስተኛ ንግዱ ድረ ገጽ ሊከፍት የተነሣ ሰው ገና ከጅምሩ ሁለት ውሳኔ ይጠብቀዋል፤ ድረ ገጹ በምን ስም ይጠራ፣ በምንስ መሥሪያ፣ ማለትም በየትኛው ፕሮግራም ወይም አገልግሎት፣ ይሠራ። ብዙው ሰው ሁለቱንም በአንድ ምሽት፣ ከአንድ ድርጅት፣ በአንድ ክፍያ ይገላገላቸዋል። ሻጮቹም የሚወዱት ይህንኑ ነው። «ድረ ገጹን በእኛ ይሥሩ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ስም በነጻ እንሰጥዎታለን» የሚለው ማስታወቂያ የበዛው በደግነት ብዛት አይመስለኝም። ስሙና መሥሪያው አንድ ላይ ከታሰሩ ደንበኛው በቀላሉ ወዴትም እንደማይሄድ ያውቃሉ።

ሁለቱ ግን ዕድሜያቸው የተለያየ ነው። መሥሪያው ዛሬ ተመርጦ ከሦስት ዓመት በኋላ ሊጣል ይችላል፤ ንግዱ ሲያድግ፣ ክፍያው ሲንር ወይም የተሻለ ሲገኝ መቀየሩ ያለ ነው። ስሙ ደረሰኝ ላይ ይታተማል፣ መኪና ላይ ይጻፋል፣ ደንበኛ ስልኩ ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ኢሜይልም የሚመጣው በእርሱ ነው። ስለዚህ ጭንቀቱን ለሁለቱ እኩል ማካፈል አያስፈልግም። የሚበዛው ለስሙ ይሁን፤ መሥሪያው ዘንድ ሲደርሱ ደግሞ ከመግባትዎ በፊት አወጣጡን ይጠይቁ።

ስሙ ይከራያል እንጂ አይገዛም

ኢንተርኔት ላይ ያለ ኮምፒውተር የሚታወቀው በቁጥር ነው። ሰው ያን ሁሉ ቁጥር ማስታወስ ስለማይችል ለየቁጥሩ ስም ወጣለት። መጀመሪያ ላይ የስሞቹ ዝርዝር በአሜሪካ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም፣ በአንድ ፋይል ተይዞ ነበር፤ በመረቡ ላይ ያሉ ኮምፒውተሮች ሁሉ ያንን ፋይል እየቀዱ ይጠቀሙ ነበር። ኮምፒውተሮቹ ሲበዙ ይህ አላዋጣ አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የተባለ የኮምፒውተር ሳይንቲስት ዝርዝሩ በየደረጃው ለተለያዩ ወገኖች የሚከፋፈልበትን ሥርዓት ነደፈ። ዛሬም የምንጠቀመው በዚያው ነው። በዶት ኮም የተመዘገበው የመጀመሪያው ስም ሲምቦሊክስ ዶት ኮም ሲሆን ቀኑም ማርች 15 ቀን 1985 ነው።

ደረጃዎቹን ማወቅ ይጠቅማል፤ ችግር ሲመጣ ማን ዘንድ እንደሚኬድ የሚታወቀው በእነርሱ ነው። ከላይ ሥርዓቱን የሚያስተባብረው እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው አይካን የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ከእርሱ ሥር እያንዳንዱን ቅጥያ፣ ማለትም እንደ ዶት ኮም ያለውን የስሙን መጨረሻ፣ የሚያስተዳድር መዝገብ ያዥ አለ፤ የዶት ኮም መዝገብ ያዥ ቬሪሳይን ነው። ከዚያ በታች ስሞቹን ለሕዝብ የሚቸረችሩት ሬጅስትራር የሚባሉት መዝጋቢ ድርጅቶች ይመጣሉ። የመጨረሻው ተመዝጋቢው፣ እርስዎ ነዎት። እርስዎ የሚከፍሉት ስሙን ለተወሰነ ጊዜ የመጠቀም መብት ነው፤ ለዶት ኮምና ለመሰሎቹ በአንድ ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ አስቀድሞ መክፈል አይቻልም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ይኼኛው ስም ግን ኪራዩ ካልታደሰ የንግዱን ሞት እንኳ አይጠብቅም።

ሳይታደስ የቀረ ስም የሚሄድበት መንገድ እንዲህ ነው። የዶት ኮምን ብንወስድ፣ ጊዜው ባለፈ በጥቂት ቀናት ውስጥ ድረ ገጹ ይጠፋል፣ ኢሜይሉም ይቆማል። መዝጋቢው እንደ ደንቡ እስከ 45 ቀን ድረስ በተለመደው ክፍያ እንዲያድሱ ሊፈቅድልዎት ይችላል። ያ ካለፈ የ30 ቀን የመዋጃ ጊዜ ይመጣል፤ አሁን ስሙን ማስመለስ የሚቻለው ከእድሳቱ ብዙ እጥፍ የሆነ ቅጣት ተከፍሎ ነው። ቀጥሎ ለ5 ቀን ማንም የማይነካው ይሆንና ይለቀቃል። በተለቀቀ በሰከንዶች ውስጥ እንዲህ ያሉ ስሞችን የሚለቅሙ ፕሮግራሞች ይወስዱታል። አንዳንድ መዝጋቢዎች ይህን ሁሉ ሳይጠብቁ ጊዜው ያለፈበትን ስም በጨረታ ያወጡታል። «ሰው የማይፈልገው ስም ነው» ብሎ መዘናጋት አይረዳም፤ ለዓመታት ጎብኚ የነበረው ስም ሁሉ ለማስታወቂያ ወይም ለማጭበርበሪያ ይፈለጋል።

ይህ የሚደርሰው በትናንሾቹ ላይ ብቻ እንዳይመስልዎት። እ.ኤ.አ. በ1999 የገና ሰሞን ማይክሮሶፍት የኢሜይል አገልግሎቱ የሆትሜይል መግቢያ የሚያልፍበትን የፓስፖርት ዶት ኮምን ክፍያ ሳያድስ ቀርቶ የሆትሜይል ተጠቃሚዎች ወደ ኢሜይላቸው መግባት ተስኗቸው ነበር። ችግሩን የፈታው ከኩባንያው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው አንድ ፕሮግራመር ነው፤ 35 ዶላሩን ከራሱ ካርድ ከፈለላቸው።

በአነስተኛ ንግድ ዘንድ የተለመደው አደጋ ከዚህም የቀለለ ነው። የእድሳት ማሳሰቢያው የሚላከው በመዝጋቢው ዘንድ ወደ ተመዘገበው ኢሜይል ነው። ያ ኢሜይል በዚያው ዶሜይን፣ ማለትም በዚያው የድረ ገጽ ስም፣ የተከፈተ ከሆነ፣ ስሙ ሲቆም ኢሜይሉም አብሮ ይቆማልና ማሳሰቢያው ማንም ዘንድ አይደርስም፤ የይለፍ ቃል ለመቀየር የሚላከው መልእክትም እንዲሁ። ለመዝጋቢው የሚሰጡት አድራሻ ከስሙ ውጭ የሆነ፣ በየጊዜው የሚከፍቱት ይሁን። ስሙን እንዳስመዘገቡ «ኢሜይልዎን ያረጋግጡ» የሚል መልእክት ከመጣም ችላ አይበሉት፤ በ15 ቀን ውስጥ ካልተረጋገጠ ገና የተመዘገበው ስም ሊታገድ ይችላል። በራሱ እንዲታደስ አድርገው ያስቀምጡት፤ ካርዱ ጊዜው ሲያልፍ ግን ይህም እንደሚከሽፍ አይርሱ።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ስሙ በሌላ ሰው ስም መመዝገቡ ነው። ድረ ገጹን የሚሠራው ባለሙያ «ለእርስዎ እንዳይከብድ እኔው አስመዘግበዋለሁ» ይላል፤ በቅንነት ሊሆን ይችላል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራ ሲለውጥ፣ ሲጣሉ ወይም ስልኩን ማንሣት ሲተው፣ በመዝገቡ ፊት ባለመብቱ እርሱ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን ራስዎ ይክፈቱ፣ የይለፍ ቃሉ የእርስዎ ይሁን፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያብሩት፤ ባለሙያው የሚያስፈልገውን ያህል ፈቃድ ብቻ ይስጡት። አሁን ያለዎት ስም በማን እንደተያዘ ለማየት የምዝገባ መረጃ መፈለጊያ አለ፤ ለዓመታት ሁዊዝ ይባል የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ2025 በአርዳፕ የተተካው። የግለሰቦች ስምና ስልክ ዛሬ ብዙ ጊዜ ተሸፍኖ ቢቀመጥም መዝጋቢው ማን እንደሆነ፣ ስሙ የተመዘገበበትና የሚያበቃበት ቀን ይታያል። እዚያው «ክላየንት ትራንስፈር ፕሮሂቢትድ» የሚል መስመር ቢያዩ አይደንግጡ። ስሙ ያለ እርስዎ ፈቃድ ወደ ሌላ መዝጋቢ እንዳይዛወር ተቆልፏል ማለት ነውና መልካም ምልክት ነው።

ምን ዓይነት ስም

ለስም ከሁሉ የሚሻለው ፈተና ስልክ ነው። ስሙን በስልክ አንድ ጊዜ ብቻ ይንገሩና የሰማው ሰው ሳይጠይቅ ይጻፈው። «በመካከሉ ሰረዝ አለ»፣ «አራት የምለው በቁጥር ነው»፣ «መጨረሻው ላይ ሁለት ኤስ» እያሉ ማስረዳት ከጀመሩ ስሙ ወድቋል። ደንቡ ብዙ ነገር ይፈቅዳል፤ ከነጥብ እስከ ነጥብ እስከ 63 ፊደል፣ የላቲን ፊደላት፣ ቁጥሮች፣ ከመጀመሪያና ከመጨረሻ በቀር ሰረዝም ይቻላል። ትልቅና ትንሽ ፊደል ልዩነት የለውም። የተፈቀደ ሁሉ ግን አይጠቅምም።

ስማችን በላቲን ፊደል ላልተወለደው ለእኛ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ራስ ምታት አለ። «ፀሐይ»ን በላቲን ይጻፉ ቢባሉ አንዱ በቲና በኤስ ይጀምራል፣ ሌላው በኤስ ብቻ፤ መጨረሻው ላይ አንዱ ዋይ ያስቀምጣል፣ ሌላው አይ። «ቀ»ን በኬ የሚጽፍም በኪው የሚጽፍም አለ። ደንበኛው እርስዎ ያሰቡትን አጻጻፍ የሚገምትበት ምክንያት የለውም። ሁለት መንገድ አለ፤ ወይ አጻጻፉ የማያሻማ ስም መምረጥ፣ ወይ ሰው ሊጽፋቸው የሚችላቸውን ሁለት ሦስት አጻጻፎች አስመዝግቦ ሁሉንም ወደ ዋናው ማዞር። ምርጫዎን ለማወቅ ለጥቂት ሰዎች ስሙን በቃል ነግሮ በስልካቸው እንዲጽፉት ማድረግ ይበቃል። የሚጽፉት ራሱ ይመልስልዎታል።

«በራሳችን ፊደል ቢሆንስ?» የሚል ይኖራል። በቴክኒክ ረገድ ከላቲን ውጭ ያሉ ፊደላትን የሚያስተናግድ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ አለ። ሥርዓቱ ግን በውስጡ ላቲን ብቻ ስለሚያነብ ስሙን በኤክስ፣ በኤንና በሁለት ሰረዞች ወደሚጀምር የተዘበራረቀ የፊደል ሰንሰለት ይለውጠዋል። አንዳንድ ፕሮግራም ለደንበኛው የሚያሳየው ያንን ሰንሰለት ነው፤ በእንዲህ ያለ ስም የተከፈተ ኢሜይልም በየቦታው ተቀባይነት የለውም። በዚያ ላይ ለእኛ ጆሮ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ ለኮምፒውተር የተለያዩ ናቸው፤ «ሠላም» እና «ሰላም» ሁለት ስሞች ናቸው። ተጨማሪ መግቢያ ይሁን ቢሉ አያሳፍርም። ዋናው አድራሻ ግን ባይሆን ይሻላል።

ስሙ የሚሸጡትን ዕቃ መናገር አለበት የሚለው ምክር ዘመኑ አልፎበታል። ቀድሞ ሰው የሚፈልገውን ቃል እንዳለ ዶሜይን ያደረገ ነጋዴ በፍለጋ ውጤት ወደ ላይ ይወጣ ነበር፤ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2012 ይዘታቸው ደካማ የሆኑ እንዲህ ዓይነት ድረ ገጾችን የሚገፋ ለውጥ አድርጓል። ጠባብ ስም ሌላም ጣጣ አለው። አንድ ዕቃ ወይም አንድ ሰፈር የሚጠራ ስም ንግዱ ሲሰፋ ይጠብባል። የኤሌክትሪክ መኪና ሠሪው ቴስላ ለዓመታት በቴስላ ሞተርስ ዶት ኮም ሲጠራ ቆይቶ አጭሩን ስም እጁ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ያን ያህል አቅም የሌለው ከመጀመሪያው ማሰብ ይኖርበታል።

ከመክፈልዎ በፊት ስሙ የሌላ ሰው የንግድ ምልክት አለመሆኑን ይመርምሩ። ዶሜይኑ ክፍት መሆኑ ሕጋዊ መብት አይሰጥም። አይካን እ.ኤ.አ. በ1999 ያጸደቀው የክርክር አፈታት ደንብ አለ። ከሳሹ ሦስት ነገር ካሳየ፣ ማለትም ስሙ ከንግድ ምልክቱ ጋር አንድ ወይም አደናጋሪ መሆኑን፣ ተመዝጋቢው በስሙ ላይ ተገቢ ጥቅም እንደሌለው፣ በክፉ ልብ ተመዝግቦ ጥቅም ላይ መዋሉን፣ ስሙ ፍርድ ቤት ሳይኬድ ሊወሰድ ይችላል። መብት ያለው ሰው እንኳ ዋጋ የሚከፍልበት ጊዜ አለ። የቤተሰብ ስሙ ኒሳን የሆነ አሜሪካ የሚኖር ነጋዴ የመኪናው ኩባንያ ሳያስብበት ኒሳን ዶት ኮምን አስመዝግቦ ለኮምፒውተር ሥራው ይጠቀምበት ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1999 ከሰሰው፤ ክርክሩ ለዓመታት ዘልቆ ስሙ በእጁ ቢቀርም የጠበቃ ወጪው ከባድ ነበር።

ስለ ቅጥያው ብዙ መባል ያለበት አይመስለኝም። ዶት ኮም ከተገኘ ይውሰዱት፤ ሰው ስሙን ሲረሳ መጀመሪያ የሚሞክረው እርሱን ነው። ደንበኞችዎ በአንድ አገር ብቻ ከሆኑ የዚያ አገር ቅጥያ እኩል ያስኬዳል። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ከአንድ ሺህ በላይ አዳዲስ ቅጥያዎች ወጥተዋል፤ ከእነርሱ መካከል የመጀመሪያው ዓመት ርካሽ፣ እድሳቱ ግን ውድ የሆነ ብዙ ነውና የሚያዩት የሁለተኛውን ዓመት ዋጋ ይሁን። ሁለት ፊደል ያለው ቅጥያ ሁሉ የአንድ አገር፣ ግዛት ወይም እንደ አውሮፓ ኅብረት ያለ የአገሮች ኅብረት መሆኑም አይዘንጋ። ዶት ቲቪ የቱቫሉ ነው፣ ዶት ኤአይ የአንጉዊላ። ደንቡን የሚያወጡት እነርሱ ናቸው። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ በዚያ የሚኖሩ በርካታ ባለንብረቶች ዶት ኢዩ ስማቸውን አጥተዋል። በነጻ የሚሰጥ ስምስ? ዶት ቲኬንና መሰሎቹን ለዓመታት በነጻ ያድል የነበረው ፍሪኖም አጭበርባሪዎች ሲበዙበትና ክስ ሲመጣበት እ.ኤ.አ. በ2024 ከዶሜይን ሥራ እንደሚወጣ አስታውቋል። በነጻ የተገኘ ስም ላይ ንግድ መገንባት የዋህነት ነው።

ሁለቱን የሚያገናኘው ሰንጠረዥ

«ነጥለው ይያዙ» ሲባል ብዙዎች የሚፈሩት እንዴት ይገናኛሉ ብለው ነው። የሚገናኙት በአንድ ትንሽ ሰንጠረዥ ነው። መዝጋቢው ዘንድ ገብተው የዶሜይንዎን ቅንብር ሲከፍቱ ጥቂት መስመሮች ያያሉ። «ኤ» የተባለው መስመር ድረ ገጹ ያለበትን ኮምፒውተር ቁጥር ይይዛል። «ሲኔም» የሚባለው አንዱን ስም ወደ ሌላ ስም ይመራል። «ኤምኤክስ» ኢሜይል የሚደርስበትን ቦታ ይናገራል። «ቲኤክስቲ» ደግሞ ለማረጋገጫ የሚጻፍ ጽሑፍ ነው፤ ኢሜይሉ በእውነት ከእርስዎ የተላከ መሆኑን የሚያሳዩት መስመሮች የሚገቡት በእርሱ ነው። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስልዎት፤ ጉግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ የላኪ ማረጋገጫን በተመለከተ መስፈርታቸውን አጥብቀዋል። ያልተረጋገጠ ላኪ የሚልከው ደረሰኝ የደንበኛውን የቆሻሻ ሳጥን የማሞቅ ዕድሉ ሰፊ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ኔምሰርቨር የሚባል ቅንብር አለ፤ ሰንጠረዡ ራሱ የት እንደሚገኝ የሚናገረው እርሱ ነው። አዲስ ድረ ገጽ በተከፈተ ማግሥት ኢሜይል የሚቋረጠው በአብዛኛው በእርሱ ምክንያት ነው። የመሥሪያው ድርጅት «ኔምሰርቨርዎን ወደ እኛ ያዙሩ» ይላል፤ ባለንብረቱ ያዞራል፤ በዚያች ቅጽበት ሥራ ላይ የሚውለው ሰንጠረዥ አዲሱና ባዶው ይሆናል። ድረ ገጹ ያምራል፣ የኢሜይሉ መስመር ግን በአሮጌው ሰንጠረዥ ቀርቷል። ደንበኞች የላኩት ትእዛዝ ሲመለስባቸው ባለንብረቱ «ዛሬ ገበያው ቀዘቀዘ» እያለ ይቀመጣል። ብዙዎቹ መሥሪያዎች ሌላም አማራጭ ይሰጣሉ፤ ኔምሰርቨሩ እንዳለ ሆኖ «ኤ» እና «ሲኔም» መስመሮቹን ብቻ መለወጥ። ይህኛውን ይምረጡ። ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊትም የሰንጠረዡን ፎቶ ያንሡ። ለውጡ ወዲያው ባይታይም አይረበሹ፤ የቀድሞው መረጃ በየቦታው ለጊዜው ተቀምጦ ስለሚቆይ አንዳንዴ እስከ ሁለት ቀን ሊወስድ ይችላል።

መሥሪያውን ሲመርጡ

አሁን መሥሪያው ቀላል ይሆናል። ስሙ በእጅዎ ካለ የተሳሳተ መሥሪያ መምረጥ የሚያስከፍለው ጊዜና ጥቂት ገንዘብ ነው፤ ደንበኛ አያሳጣም።

ከሥዕሎቹና ቴምፕሌት ከሚባሉት የተዘጋጁ የገጽ ንድፎች በፊት ድረ ገጹ ምን እንዲያደርግ እንደሚፈልጉ በወረቀት ይጻፉ። የአብዛኛው አነስተኛ ንግድ ፍላጎት አጭር ነው፤ ምን እንደሚሠራ፣ የት እንዳለ፣ መቼ እንደሚከፈት፣ ስልኩን፣ ጥቂት ፎቶዎችን። ለዚህ ማንኛውም መሥሪያ ይበቃል። ዕቃ በድረ ገጹ ላይ የሚሸጥ ከሆነ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ክፍያ ነው፤ መሥሪያው እርስዎ ባሉበት አገር ገንዘብ ተቀብሎ ወደ ባንክ ሒሳብዎ ማስገባት ይችላል ወይ? ቀጠሮ የሚያስይዝ፣ በሁለት ቋንቋ የሚነበብ ድረ ገጽም እንዲሁ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ቴምፕሌት በመምረጥ ቀናት አሳልፎ በመጨረሻው ደረጃ ክፍያው እንደማይሠራ ማወቅ ያናድዳል።

በገበያው ያሉት በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ሁሉንም በአንድ ላይ የሚያቀርበው ነው፤ ዊክስ፣ ስኩዌርስፔስ፣ ለሱቅ ደግሞ ሾፒፋይ። ማስተናገጃው፣ ማለትም ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ መሥሪያውና ደኅንነቱ በእነርሱ ኃላፊነት ነው፤ እርስዎ በየወሩ ወይም በየዓመቱ ይከፍላሉ፣ ጽሑፍና ፎቶ ያስገባሉ። ሁለተኛው ወገን እ.ኤ.አ. በ2003 የተለቀቀው ዎርድፕሬስ ነው። ክፍት ምንጭ ፕሮግራም በመሆኑ ለራሱ አይከፈልበትም፤ ማስተናገጃ ተከራይተው ይጭኑታል። በዓለም ካሉት ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሠሩት በእርሱ ነው። ዎርድፕሬስ ዶት ኮም የሚባለው አገልግሎት ግን ሌላ ነው፤ ያው ፕሮግራም በአንድ ኩባንያ አስተናጋጅነት የሚቀርብበት ስለሆነ ከመጀመሪያው ወገን ይመደባል። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው።

ዎርድፕሬስ ነጻነት ይሰጣል፤ ፋይሎቹንና የመረጃ ቋቱን ጠቅልለው ወደ ፈለጉት አስተናጋጅ ይወስዳሉ። ለዚህ ነጻነት የሚከፈለው እንክብካቤ ነው። ዋናው ፕሮግራም፣ ቴምፕሌቱና ፕለጊን የሚባሉት ተጨማሪዎች በየጊዜው መታደስ አለባቸው፤ ሰብሮ ገቦች የሚፈልጉት ባለቤቱ የረሳውን አሮጌ ፕለጊን ነው። መጠባበቂያ ቅጂም ራስዎ ያስቀምጣሉ። በወር አንድ ጊዜ ይህን የሚያይ ሰው ከሌለዎት፣ በእኔ ግምት፣ ዎርድፕሬስ ለእርስዎ አይደለም። ባለሙያዎች ስለሚወዱት ብቻ የሚጭኑላቸው፣ ከዚያ ተመልሶ የሚያየው ሰው የሚታጣበት ድረ ገጽ ሞልቷል።

አወጣጡን ይጠይቁ ያልሁት እዚህ ላይ ነው። ለሻጩ የሚቀርበው ጥያቄ «ነገ ልውጣ ብል ምን ይዤ እወጣለሁ?» የሚል ነው። ዊክስ የሠሩትን ድረ ገጽ አውርደው ሌላ ቦታ እንዲያስተናግዱ አያስችልም። ስኩዌርስፔስ ከፊሉን ይዘት ለዎርድፕሬስ በሚስማማ ፋይል ያወጣልዎታል። ሾፒፋይ የዕቃዎችዎንና የደንበኞችዎን ዝርዝር በሰንጠረዥ ያስወርድዎታል። መልኩ ግን በየትኛውም በኩል አብሮ አይሄድም። ይህ ብቻውን ማንኛቸውንም ለመተው አያበቃም፤ አምስት ገጽ ያለውን ድረ ገጽ እንደገና ለመሥራት የሁለት ቀን ሥራ ይበቃል። አምስት መቶ ዕቃ ያለው ሱቅ ግን ሌላ ነገር ነው። በሁሉም ዘንድ የሚሠራው መከላከያ ጽሑፎቹንና ፎቶዎቹን በመጀመሪያ በራስዎ ኮምፒውተር አስቀምጦ ከዚያ ወደ መሥሪያው መቅዳት ነው።

ድርጅት ሁልጊዜ ይኖራል ብሎ ማሰብም አይገባም። በዘጠናዎቹ ሚሊዮኖች ገጽ የከፈቱበት ጂኦሲቲስ በያሁ እጅ ከገባ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2009 ተዘግቷል። ጉግል ለአነስተኛ ንግዶች በነጻ ይሰጣቸው የነበሩትን ቀላል ድረ ገጾች እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ዘግቷቸዋል። የራሳቸው ዶሜይን የነበራቸው ስሙን ወደ አዲስ መሥሪያ ለማዞር ብዙ አልተቸገሩም፤ በጉግል አድራሻ ብቻ ይጠሩ የነበሩት ግን ለደንበኛ ያደሉት አድራሻ ባዶ ሆነባቸው። በመሥሪያው ስም ሥር የሚሰጠው ነጻ አድራሻ፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽም ጭምር፣ እንዲሁ ነው፤ ለመሞከሪያ ይሆናል፣ ካርድ ላይ ግን አይታተምም።

ሙከራውን በስልክ ያድርጉት። መሥሪያዎቹ የሚያሳዩት በሰፊ ስክሪን ያማረውን ነው፤ ጎብኚዎ ግን በአብዛኛው ስልክ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ጉግልም ድረ ገጾችን የሚመዝነው በስልክ በሚታዩበት መልክ ነው። በነጻው የሙከራ ጊዜ አንድ እውነተኛ ገጽ ሠርተው፣ ከቤት ወጥተው፣ በደካማ ኔትወርክ ይክፈቱት። ፊደሉ በትክክል ይነበባል? ስልክ ቁጥሩ ሲነካ ይደውላል? ስልኩን ለሌላ ሰው ሰጥተው «የመክፈቻ ሰዓታችንን ፈልግ» ይበሉትና ዝም ብለው ይመልከቱት።

በመክፈያው ገጽ ላይ የሚደረደሩት ተጨማሪዎች አብዛኞቹ አያስፈልጉም። በድረ ገጹና በጎብኚው መካከል የሚያልፈውን መረጃ ከሌላ ዓይን የሚሸፍነው የምስጠራ ሰርተፊኬት የግድ ነው፤ የጉግል ማሰሻ ክሮም እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2018 ጀምሮ ሰርተፊኬት የሌለውን ድረ ገጽ «አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ምልክት ያደርግበታል። ግን ሌትስ ኤንክሪፕት የተባለ ለትርፍ ያልቆመ አገልግሎት ሰርተፊኬቱን በነጻ ስለሚሰጥ ጨዋ አስተናጋጅ ሁሉ አብሮ ያቀርበዋል። «ለፍለጋ ሞተሮች እናስመዘግብልዎታለን» የሚለው አገልግሎት ክፍያ አያሻውም። ስሙን ካስመዘገቡ በኋላ ከማያውቁት ድርጅት የሚመጣ የእድሳት ደረሰኝ ደግሞ የታወቀ ማጭበርበሪያ ነው፤ ላኪው ከፈረሙ ስሙን ወደ ራሱ የሚያዛውር ድርጅት ሊሆን ይችላል። ክፍያ የሚፈጸመው ራስዎ ወደ መዝጋቢዎ ሒሳብ ገብተው ብቻ ነው።

ስሙን ከመሥሪያው ድርጅት ጋር አስረው የጀመሩም ተስፋ አይቁረጡ። የዝውውር ኮድ የሚባል ምስጢራዊ ቁጥር ከአሁኑ ያዥ ጠይቀው፣ ቁልፉን አስከፍተው፣ ኮዱን ለአዲሱ መዝጋቢ ይሰጣሉ። ስሙ አዲስ ከተመዘገበ ወይም በቅርቡ ከተዛወረ አብዛኛውን ጊዜ 60 ቀን መጠበቅ ግድ ይላል። ለዶት ኮምና ለመሰሎቹ ዝውውሩ የአንድ ዓመት እድሳት ስለሚጨምር ክፍያው ባዶ አይቀርም።

ንግዱ ስሙን ጨርሶ ከለወጠ ደግሞ አሮጌውን ዶሜይን ቶሎ አይልቀቁት። እያንዳንዱ አሮጌ ገጽ ወደ አዲሱ ገጽ በቋሚነት እንዲመራ ያድርጉ፤ የፍለጋ ሞተሮችም የቀድሞውን ዋጋ ወደ አዲሱ የሚያሻግሩት በዚህ ነው። በአሮጌው ስም ኢሜይል የሚልኩ ደንበኞች ለዓመታት አይጠፉም። የባንክ፣ የማኅበራዊ ሚዲያና የሌሎች አገልግሎቶች ሒሳብ በአሮጌው ኢሜይል ተከፍቶ ከሆነ፣ ስሙን ነገ የሚያስመዘግብ ማንም ሰው «የይለፍ ቃሌን ረስቻለሁ» የሚለውን ተጭኖ መልእክቱን ራሱ ይቀበላል። እነዚያን ሒሳቦች አንድ በአንድ ወደ አዲሱ አድራሻ አዛውረው እስኪጨርሱ፣ ከዚያም በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት፣ የአሮጌውን ስም ኪራይ መክፈልዎን ይቀጥሉ።